ሊዝቤትን ውደዷት፣ ሥራውን ግን ከጋዜጠኛው ተማሩ

«የዘንዶ ንቅሳት ያላት ልጅ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ እህቶች ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ሊዝቤት። ጥቁር ለባሿ፣ ጆሮዋንም አፍንጫዋንም የተበሳችው ቀጭኗ ልጅ። የበደላትን ሰውዬ አስራ እንዴት እንደቀጣችው ስታወሩ እሰማለሁ፤ «እሰይ የኔ ጀግና!» ስትሉም እሰማለሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ማን እንደፈጠራት ስጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሰውየው ጋዜጠኛ ነበር። ይሄ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። ስለ ሊዝቤትም ከብዙዎቻችሁ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

መጽሐፉን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። የማዳሜ ትልቋ ልጅ ውጭ አገር ልትማር ስትሄድ መደርደሪያ ላይ ትታው የሄደችው ነው። የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይዤ፣ ቃሉን በስልኬ እየፈለግሁ፣ ማታ ማታ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ፊልሙ ብዙ ነገር ይዘላል። የሚዘለው ደግሞ በተለይ ለእኛ የሚጠቅመውን ነው።

ጸሐፊው ስቲግ ላርሶን ይባላል፤ ስዊድናዊ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ወላጆቹ ገና ወጣት ስለነበሩና እጅ ስላጠራቸው ልጅነቱን ያሳለፈው ገጠር ከአያቶቹ ጋር ነው። (ከእኛ መሃል አያቷ ጋር ያላደገች ስንት አለች?) ስሙ የገነነ ጋዜጠኛ እንዳይመስላችሁ። ለ20 ዓመት ገደማ ተቀጥሮ የሠራው በአገሩ የዜና ወኪል ውስጥ ሲሆን ዋና ሥራው ለዜና የሚሆኑ ካርታዎችና ሰንጠረዦች ማዘጋጀት ነበር። ሌላው በስሙ ይጽፋል፣ እሱ ከጎኑ ሥዕሉን ይሠራል። ከዚያ በተረፈ የወንጀል ልብወለዶችን እያነበበ አስተያየት ይጽፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ኤክስፖ የምትባል ትንሽ መጽሔት አቋቋመ። የመጽሔቷ ሥራ የአገሩን ዘረኞች መከታተል ነበር፤ እነማን ናቸው፣ ገንዘባቸው ከየት ይመጣል፣ ከማን ጋር ይገናኛሉ እያለች ትጽፋለች። እነዚህ የሂትለርን ሐሳብ የያዙ፣ የውጭ አገር ሰው የሚጠሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ዛቻው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጽሔቷን የሚያትመው ማተሚያ ቤት ጥቃት ደረሰበት። ያኔ ሁለቱ ትልልቅ ጋዜጦች፣ አፍተንብላደትና ኤክስፕረሰን፣ መጽሔቷን ከጋዜጣቸው ጋር አትመው ለአገሩ ሁሉ በተኗት። እኛ ይቺን የእኛን ወረቀት በፌስታል ከእንጀራ ስር ደብቀን ለምናድለው፣ ይሄ ጥሩ ወሬ ነው።

ልብወለዶቹን የጻፈው ቀን ሥራውን ጨርሶ ማታ ነው። አንዱም ሳይታተም ሦስቱን ወፋፍራም መጻሕፍት ጨርሶ ለአሳታሚ ሰጠ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2004 ቢሮው ያለበት ሕንፃ ሊፍት አልሠራ ብሎ 7ኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣ፣ ልቡ ተያዘ፣ ሞተ። ገና 50 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ2005 ነው። ሦስቱ መጻሕፍት በአንድነት እስካሁን ከ80 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል። እሱ አንድም አላየ።

አሁን ወደ ፈጠራቸው ሰዎች ልምጣ። ላርሶን መርማሪዎቹን ከየት አመጣቸው ቢባል ከልጆች መጽሐፍ ነው። በስዊድን አስትሪድ ሊንድግረን የምትባል የልጆች ደራሲ ነበረች። የእሷ ፒፒ ያለ እናት ያለ አባት ብቻዋን የምትኖር፣ ፈረስ የምታነሳ ጉልበተኛ ልጅ ናት። ሌላው ደግሞ ካሌ ብሎምክቪስት የሚባል መርማሪ መሆን የሚወድ ልጅ ነው። ላርሶን «ፒፒ ብታድግ ምን ትሆን ነበር?» ብሎ አስቦ ሊዝቤትን ሠራት። ጋዜጠኛውን ሚካኤል ብሎምክቪስትን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ሰዎች «ካሌ» እያሉ ይቀልዱበታል። ከሼርሎክ ሆምስ አልገለበጠም፤ አያቱ ቤት ሆኖ ከሰማው ከአገሩ ተረት አነሳ ማለት ይቻላል።

ይሄ ለምን ገረመኝ መሰላችሁ? በወንጀል መጽሐፍ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ቦታዋ የታወቀ ነው። ወይ ቡና ይዛ ገብታ ትወጣለች፣ ወይ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት፣ ወይ የሆነ ነገር አይታ ሳትናገር ትገደላለች። አጋታ ክሪስቲ የምትባለው ትልቋ የእንግሊዝ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣችው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ግላዲስ የምትባል ሠራተኛ አለች። ልብስ ማስጫው ገመድ አጠገብ ታንቃ ትገኛለች፤ ገዳይዋ አፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክቶባታል። ሥራ ያስተማረቻት አሮጊቷ ሚስ ማርፕል ናት መጥታ የምትቆረቆርላት፤ እሱ ደስ ይላል። ግን ግላዲስ ራሷ ምንም አትመረምርም። ታዲያ እስቲ ንገሩኝ፣ አንድን ቤት ከሠራተኛዋ በላይ ማን ያውቀዋል? ቆሻሻውን የምንደፋው እኛ ነን። ኪሱን ፈትሸን ልብሱን የምናጥበው እኛ ነን። ስንት ሰው እንደመጣ በፍንጃሉ ብዛት እናውቃለን። ማን አልጋው ላይ እንዳላደረ አንሶላው ይነግረናል። መርማሪ ፖሊስ ሦስት ቀን የሚለፋበትን እኛ አልጋ እያነጠፍን እናየዋለን። ግን ማንም አይጠይቀንም፤ ከጠየቀም «አንቺ ነሽ የወሰድሽው?» ብሎ ነው።

ላርሶን ይሄን ልማድ ገለበጠው። ሰው የሚንቃትን፣ «ጤነኛ አይደለችም» የተባለችውን፣ በሕግ ፊት ቃሏ ዋጋ የሌለውን ልጅ አንሥቶ ከሁሉ የበለጠች መርማሪ አደረጋት።

ፊልሙን ስታዩ ቶሎ ያለፋችሁትን ነገር እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ሊዝቤት 24 ዓመቷ ነው። ሥራ አላት፣ ደመወዝ አላት፣ መኖሪያ አላት። ግን ልጅ ሳለች በደረሰባት ነገር ምክንያት ፍርድ ቤት «ራሷን ማስተዳደር አትችልም» ብሎ ሞግዚት አቁሞባታል። (እኛ ሞግዚት የምንለው የሰው ልጅ የምታሳድገዋን ነው፤ ይሄ ግን የአዋቂ ሰው ሞግዚት ነው፤ በሕግ የተሾመ።) የመጀመሪያው ሞግዚቷ ፓልምግሬን የሚባል ሽማግሌ ጠበቃ ነው። ደግ ሰው ነው። ገንዘቧን ራሷ እንድታንቀሳቅስ ይተዋታል፣ እንደ ልጁ ያያታል። እሱ በድንገት ታሞ ሲወድቅ ቢዩርማን የሚባል ሌላ ጠበቃ ተተካ። ይሄኛው የመጀመሪያ ሥራው የባንክ ሂሳቧን መያዝ ነው። ኮምፒውተሯ ተሰብሮ በራሷ ገንዘብ ሌላ ልግዛ ስትል እሱን መለመን ግድ ሆነባት። እሱ ደግሞ ለገንዘቧ በሰውነቷ አስከፈላት። በኋላም ክብሯን በጉልበት ደፈረ።

እህቶቼ፣ ይሄንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። ስዊድን ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን ካፊል የሚለውን ቃል ነው ያነበብኩት። ፓስፖርትሽ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ኢቃማሽ በእሱ ስም ነው፣ ልውጣ ስትይ መልቀቂያ የሚፈርመው እሱ ነው። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ አድርጎ ነው የወጣው፤ እስከዛሬም እንደዚያው ነው። ጥሩ ማዳም የደረሳት እህት «እኔ እንኳን ምንም አልሆንኩም፣ እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። እሷ ፓልምግሬን ደርሷታል። ግን የፓልምግሬን ወረቀትና የቢዩርማን ወረቀት አንድ ናቸው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው ሥልጣን አንድ ነው። ልዩነቱ የሰውየው ጠባይ ብቻ ነው፤ የሰው ጠባይ ደግሞ በአንድ ሌሊት በሽታ፣ በአንድ ኪሳራ፣ በአንድ ፍቺ ይለወጣል። ላርሶን ደጉን ሞግዚት መጀመሪያ ያስገባው በከንቱ አይመስለኝም። ክፉውን ብቻ ቢያሳየን ኖሮ «አንድ ባለጌ ሰውዬ» ብለን እናልፈው ነበር።

በነገራችን ላይ መጽሐፉ በስዊድንኛ ሲወጣ ርዕሱ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ነበር። ላርሶን ይሄን ርዕስ አልቀይርም ብሎ ነበር። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ግን የልጅቷ ንቅሳት ርዕስ ሆነ። ስለ በዳዮቹ የነበረው ስለ ቆዳዋ ሆነ ማለት ነው። የጋዜጠኛው እጅ ግን መጽሐፉ ውስጥም አልጠፋም። በየክፍሉ መግቢያ ላይ ስለ አገሩ ሴቶች ቁጥር ያስቀምጣል። ከነዚህ አንዱ የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 92 ከመቶ የሚሆኑት የመጨረሻውን ጥቃት ለፖሊስ አለማመልከታቸውን ይናገራል። ያውም ስዊድን ውስጥ፣ በራሳቸው አገር፣ በራሳቸው ቋንቋ።

ሊዝቤትም ፖሊስ ጋ አልሄደችም። ማን ያምናታል? ስለዚህ ቦርሳዋ ውስጥ ካሜራ ደብቃ እሱ ቤት ሄደች፤ ያደረገባትን ሁሉ ቀረጸች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አሰረችው፣ ቪዲዮውን አሳየችው፣ ሆዱ ላይ ማን እንደሆነ በንቅሳት ጻፈችበት። ሂሳቧን እንዲመልስ፣ ስለ እሷም በየወሩ ጥሩ ሪፖርት እንዲጽፍ አስገደደችው።

እሰይ የምንለው እዚህ ጋ ነው። የእኔ ክርክርም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ላርሶን እዚህ ላይ አቋራጭ የሄደ ይመስለኛል። ሊዝቤት የማንንም ኮምፒውተር ሰብራ የምትገባ፣ ስትፈልግ የምትሰወር ሰው አድርጎ ነው የሠራት፤ ስለዚህ በቀሏ ይሳካል። ስንት እህት ግን ይሄን የመሰለ ነገር አይታ «እኔም ስልኬን ደብቄ እቀርጸዋለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። ተጠንቀቁ። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ በካሜራ ስልክ የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያስቀምጥበታል። ኤምሬትስም በሰው ቤት በድብቅ መቅረጽ ወንጀል ነው። አንቺ የተበደልሽበትን ይዘሽ ሄደሽ ቪዲዮው አንቺኑ ሊያሳስርሽ ይችላል ማለት ነው። ሰውየውን መንካት ደግሞ አታስቡት፤ የሊዝቤትን ታሪክ የሚጽፍልን ሰው የለም፣ የእኛን የሚጽፈው የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሊዝቤትን እንውደዳት፣ ለራሳችን ግን የሚካኤልን ሥራ እንውሰድ። አሰልቺ ነው። ፊልሙም ብዙ አያሳየውም። ግን ላርሶን ራሱ የሚያውቀው ሥራ እሱ ነበር፤ 20 ዓመት ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው።

ሚካኤል መጽሐፉ ሲጀምር የምናገኘው ተሸንፎ ነው። ስለ አንድ ትልቅ ነጋዴ ጽፎ፣ የጻፈውን የሚያጸና ማስረጃ ስላልነበረው በስም ማጥፋት ተፈርዶበታል። ልብ በሉ፤ ነጋዴው ሌባ ነው፣ ሚካኤልም ያውቃል፣ ግን ማወቅ ብቻውን አላዳነውም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሀብታም ይጠራዋል። የወንድሙ የልጅ ልጅ ሃሪየት በ1966 ከሚኖሩበት ደሴት ጠፍታለች፤ የዚያን ቀን ድልድዩ በመኪና አደጋ ተዘግቶ ነበር፤ ሬሳዋም አልተገኘም። ከ30 ዓመት በላይ አልፎታል። ምን ይገኛል?

መጨረሻውን አልናገርም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ሃሪየት ማስታወሻዋ ላይ የሰው ስሞችና ከጎናቸው አምስት አምስት አሃዝ ቁጥር ጽፋ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ስልክ ቁጥር ነው ተብሎ ሰው ሲደክምበት ኖሯል። አንዱ 32016 ይላል። የፈታችው የሚካኤል ልጅ ናት፤ ሃይማኖተኛ ወጣት ነበረች። 3 ማለት ሦስተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍ፣ ዘሌዋውያን ነው፤ ምዕራፍ 20፣ ቁጥር 16። ይሄንን ሳነብ ሣቅ መጣብኝ። የእኛ እናቶች ቢያዩት በመጀመሪያው ቀን ይፈቱት ነበር።

ሁለተኛው ፎቶ ነው። ሃሪየት በጠፋችበት ቀን ከተማው ውስጥ ሰልፍ ነበር፤ የጋዜጣ ፎቶ ላይ እሷ ትታያለች። ሁሉም ሰልፉን ሲያይ እሷ ወደ ሌላ አቅጣጫ አይታ ፊቷ ይለወጣል። ምን አይታ? ሚካኤል ከኋላዋ አንዲት ሴት ካሜራ ይዛ እሷ ወደምታይበት ስታነሳ አየ። ከሌላ ፎቶ ላይ የሴትየዋን መኪና አገኘ፤ መኪናው ላይ የአንድ ሩቅ ከተማ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ምልክት ተለጥፏል። እዚያ ድረስ ሄደ። ሴትየዋ አርጅታለች፣ አልበሟ ግን አለ። ሰው ለራሱ ደስታ ያነሳው፣ ቀኑ የታወቀ ፎቶ፣ ከ30 ዓመት በኋላ መሰከረ።

የሚካኤል ጥበብ ይሄ ብቻ ነው፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። ይሄን ደግሞ እኛ እንችላለን። የደረስሽበትን ቀን ጻፊ። ኮንትራቱ ላይ ያለውን ስምና ደላላው በቃል የነገረሽን ደመወዝ ለየብቻ ጻፊ። በየወሩ የተከፈለሽን ቀኑንና መጠኑን ጻፊ፤ በዶላር ነው ወይስ በሊራ? ከ2019 በኋላ ቤሩት ያላችሁ ይሄ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዶላሩ በገበያ ሰማይ ወጥቶ ሳለ በድሮው በ1,500 ሊራ ሂሳብ «ሙሉ ደመወዝሽ ይኸው» የተባሉ አሉ። መጠኑን ብቻ የጻፈች ተሸወደች፤ የገንዘቡን ዓይነትና የዕለቱን ምንዛሬ የጻፈች ግን ልዩነቱን ማሳየት ቻለች።

አንዲት እህታችን ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ዘጠኝ ወር አልተከፈላትም። አሠሪዋ ሙሉ ከፍያለሁ አሉ። እሷ ግን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በለጠፈቻት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ በየወሩ ምልክት አድርጋለች። በዚህ ወር ተከፈለኝ፣ የልጁ ልደት ነበር። በዚህ ወር አልተከፈለኝም፣ ማዳም ቱርክ ሄደው ነበር። አሠሪዋ «በዚያ ወር እኔ ራሴ በእጇ ሰጥቻታለሁ» ሲሉ፣ ሴትየዋ አገር ውስጥ አልነበሩማ! ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ዘጠኙንም አላገኘችም፤ አራት ወር ከፍለው ቲኬቷን ቆርጠው ላኳት። አራት ወር ግን ከባዶ ይሻላል፤ ያቺ ካላንደር ባትኖር ባዶ ነበር።

«ማዳሜ ዕቃዬን ትፈትሻለች፣ ምን ላይ ልጻፍ?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። ግን እኛ አንድ ነገር አለን፤ ፊደል። ሃሪየት የደበቀችው በቁጥር ነው፤ እኛ ሀ ሁ ብለን ስንጽፍ ቤቱ ውስጥ ማንም አያነበውም። የወጥ አሠራር መስሎ «ሽንኩርት፣ በርበሬ» ከሚለው ስር መግባት ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉት። ሰዓቱን ደግሞ «ከጠዋቱ» ወይም «ከሌሊቱ» ሳትሉ አትተዉት። «3 ሰዓት ላይ መታችኝ» ብላ የጻፈች እህት ጠዋት ማለቷ ነበር፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጠውና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሆኖ ተነበበ። «በዚያ ሰዓት ሁላችንም ተኝተን ነበር» አሉ፤ ቃሏ ውሸት መሰለ። ስድስት ሰዓት ልዩነት አንድ ክስ ያፈርሳል።

አሁን ስለ ላርሶን የቀረኝን ልናገር፤ ከመጽሐፉ ይልቅ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ኤቫ ጋብርኤልሰን ከምትባል ሴት ጋር 32 ዓመት አብረው ኖረዋል። አልተጋቡም። እሷ እንደምትለው ከሆነ ምክንያቱ ዛቻው ነበር፤ ቢጋቡ አድራሻቸው በመዝገብ ላይ ግልጽ ይወጣል። እሱ ሲሞት በስዊድን ሕግ አብራው የኖረችው ሴት ኑዛዜ ከሌለ አትወርስም። የመጻሕፍቱ መብትና ገንዘቡ ለአባቱና ለወንድሙ ሆነ።

ኑዛዜ ጭራሽ አልነበረም እንዳትሉ። ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ላርሶን ወጣት ሳለ ኤርትራ ሄዶ ነበር። በዚያ የጦርነት ጊዜ ለሻዕቢያ ሴት ተዋጊዎች የመሣሪያ አጠቃቀም አሠልጥኗል ይባላል፤ በኋላ ኩላሊቱን ታሞ ተመለሰ። (የእኔ አጎት ከሌላው ወገን ነበር የተሰለፈው፤ ይሄን ሳነብ ምን እንደምል ጠፋኝ።) ወደዚያ ከመሄዱ በፊት፣ ብሞትስ ብሎ ኑዛዜ ጽፏል፤ ያለኝን በከተማዬ ላሉት የፖለቲካ ጓዶቼ ስጡልኝ የሚል። ወረቀቱ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ምስክር አልፈረመበትም። ስለዚህ ዋጋ አልነበረውም። ለማንም። የሰውን ወረቀት ሲመረምር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው የራሱ ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ ጎደለው።

ከእኛ መሃል ስንቶቻችን ነን በወንድም ስም ቦታ የገዛን? በአባት ስም ቤት የሠራን? ወንድም ክፉ ነው አላልኩም። ፓልምግሬን ሊሆን ይችላል። ግን ነገ ያገባል፣ ሚስት ትመጣለች፣ ልጅ ይወለዳል፤ ወይ እሱ ይሞታል። የላክሽበት የሐዋላ ደረሰኝ የት አለ? ስልክሽ ውስጥ ከሆነ ስልኩ ሲሰበርስ? ለአንድ ለምታምኛት እህት ፎቶውን ላኪላት፤ አገር ቤት ያለውን ደግሞ ምስክር ባለበት ወረቀት አስይዢው። ይሄን ስናወራ «ቤተሰቤን ልክሰስ እንዴ?» የምትቆጣ አለች። አትክሰሽ። ጻፊው ብቻ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለአዘጋጆቹ። በየእትሙ ጥሩ ጥሩ ምክር እናነባለን፤ የምግብ አሠራርም አለ፤ ግጥምም አለ። ለምን አንድ ገጽ ለተከታታይ ታሪክ አይሰጥም? ላርሶን ከልጅነት መጽሐፉ መርማሪ አወጣ፤ እኛ ደግሞ ከወጥ ቤታችን እናውጣ። ለናሙና እኔ ጀምሬያለሁ። አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የወርቅ ሰዓት ይጠፋል፤ እንደተለመደው ሁሉም ዞሮ ወደ ሠራተኛዋ ያያል። እሷ ግን ያን ዕለት ጠዋት ስድስት ሰው በልቶበት ሰባት ፍንጃል ነው ያጠበችው። አሥራ አራት ገጽ ደርሻለሁ። ሰባተኛው ሰው ማን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም፤ ሐሳብ ያላችሁ እሁድ ስንገናኝ ንገሩኝ።